የልብስ ሰፊው ልጅ ድርሰት

የሻረግ ድርሰት ማስተማር የጀመረችው አስተማሪ ከሆነች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ነገሩ ግር ይላል፤ ከኮሌጅ እንደወጣች ልደታ፣ ከጌጃ ሰፈር ጀርባ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተመድባ፣ ከዚያ ወዲህ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል አማርኛ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። የክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ዓርብ ዓርብ "ድርሰት" የሚል አለ። እሷም ዓርብ በመጣ ቁጥር ጠመኔዋን አንስታ ርዕስ ትጽፋለች፦ የውሃ ጥቅም። ሰዓት አክባሪነት። የምወዳት አገሬ። ከሥሩ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ብላ ትደረድራለች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፤ እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ ትሰማለች። ሲጨርሱ ትሰበስባለች። የሁሉም አንድ ነው። "ውሃ ሕይወት ነው" ይላል የመጀመሪያው፤ "ውሃ ሕይወት ነው" ይላል የመጨረሻው። ከአሥር ሰባት ትሰጣለች፣ የእጅ ጽሕፈቱ ላማረ ስምንት።

ነገሩ የተለወጠው እናቷ ሲሞቱ ነው።

ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቅሶኛው እየገባ እየወጣ ሳለ፣ ወንድሞቿ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ቀብሩ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ያስፈልጋል። "አንቺ የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ፣ ጻፊው እንጂ" አሏት። ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። የተወለዱበትን ጻፈች፣ ያገቡበትን ጻፈች፣ ከዚያ "ለሰው አዛኝ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባቸው" ብላ ቀጠለች። መልሳ ስታነበው ደነገጠች። ይህ የማንም እናት ነው። በቅርቡ የተቀበሩት ጎረቤታቸውም በዚሁ ቃል ነው የተሸኙት፤ ሰውዬው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በር ዘግተው የኖሩ ነበሩ። የእሷ እናት ሲናደዱ የሚስቁ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ከማንም ቀድመው የጎረቤቱን ልብስ ከገመድ ላይ የሚሰበስቡ፣ ፎቶ ሲነሱ አንዴም ዓይናቸውን መግለጥ ያልሆነላቸው ሴት ነበሩ። ይህንን ልትጽፍ ሞከረች፤ እጇ እምቢ አለ። እንዴት እንደሚጻፍ አታውቅም። ማንም አላስተማራትም። እሷም ማንንም አላስተማረችም። ቀብሩ ላይ የተነበበው ያው የማንም እናት ታሪክ ሆነ። ሰው አለቀሰ፤ የእሷ እንባ ግን እዚያው ደረቀ።

ከሐዘን ተመልሳ ክፍል ስትገባ ርዕስ አልጻፈችም። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሱፍያን የሚባል ልጅ አስነሳችው።

"ስለ ውሃ ንገረኝ" አለችው።

"ውሃ ሕይወት ነው፣ ቲቸር።"

"እሱን ተወው። ዛሬ ጠዋት ፊትህን የታጠብክበት ውሃ ከየት መጣ?"

"ከጀሪካን።"

"ጀሪካኑን ማን ሞላው?"

"እህቴ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ እሷ ነች የምትነሳው።"

"አንተስ?"

"እኔማ እተኛለሁ።"

ክፍሉ ሳቀ። ሱፍያንም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"ለምን እሷ ብቻ ትነሳለች?" አለችው።

"እኔ እንጃ" አለ።

"በል ቁጭ በልና እሱን ጻፍ። አሁን የነገርከኝን። 'እኔ እንጃ' ያልከውንም እንዳትተወው።"

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት እየጨመረች፣ ያልሠራውን እየጣለች፣ የራሷን መንገድ አበጀች። ልጆቹ ከመጻፋቸው በፊት ለጎናቸው ልጅ ያወራሉ፤ ያወሩትን ነው የሚጽፉት። ከጻፉ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ ትንፋሽ ያጠራቸው ቦታ ላይ አራት ነጥብ ያስቀምጣሉ። ቀይ እስክሪብቶ አቆመች። ስሕተት ከማስመር ይልቅ ኅዳጉ ላይ ጥያቄ ትጽፋለች፦ "ሽታው ምን ይመስላል?" "ያን ጊዜ እጅሽ የት ነበር?" "ይህን ያልከው ስላየኸው ነው ወይስ ሌላ ሰው ስላለ?" ልጆቹ ጥያቄውን ሊመልሱ እንደገና ይጽፋሉ። እንደገና ሲጽፉ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሳያውቁት ይቃናል።

የሥራ ባልደረቦቿ ያዝኑላት ነበር። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ክብ ማጥቆር ነው፤ ድርሰት የሚባል ነገር የለበትም። "ማንም ለማይጠይቀው ነገር ምን ያደክምሻል?" ይሏታል። ዳይሬክተሩም በየሴሚስተሩ ጠርቶ ምዕራፍ እንዳትዘገይ ያስጠነቅቃታል። እሷ "እሺ" ትልና የልጆቹን ወረቀት የያዘውን ክላሰር ተሸክማ ቤቷ ትገባለች። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ስድሳ ወረቀት ላይ ጥያቄ መጻፍ ዓይን ያጠፋል። ቢሆንም በሕይወቷ እንደዚያ ዘመን ደስ ብሏት አታውቅም።

ሚስራ ወደ ስድስተኛ ክፍል የገባችው በዚያ ዘመን መካከል ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሻሿን አገጯ ሥር አጥብቃ የምታስር ልጅ ነች። አባቷ ሙስጠፋ ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ በአንዲት በር ብቻ ባላት ሱቅ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። እናቷ ሸምሲያ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሽንኩርትና ድንች ትቸረችራለች። ሚስራ ለጎኗ ልጅ አውሪ ስትባል የምታወራው ጥቂት ነው። የምትጽፈው ግን ሌላ ነው።

አንድ ቀን የሻረግ "ቤታችሁ ውስጥ ማንም የማያወራውን፣ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን ነገር ጻፉ" አለቻቸው። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሚስራ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

"ቲቸር፣ ይሄን ክፍል ውስጥ እንዳታነቢው።"

"አላነበውም።"

"ለማንም?"

"ለማንም፣ የኔ ልጅ።"

የሻረግ ወረቀቱን የከፈተችው ልጅቷ ከሄደች በኋላ ነው። እንዲህ ይላል፦

"አባቴ ሙስጠፋ ልብስ ሰፊ ነው። ክሩ ሲበጠስ ወደ መንገዱ ያያል። መንገዱ ላይ ምንም የለም። ደንበኛው አባቴ የሆነ ነገር የሚያይ ይመስለዋል። እኔ በዚያ ጊዜ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባለሁ። ስጨርስ እስላለሁ። አባቴ ፊቱን ይመልስና 'የት ደርሼ ነበር?' ይላል። ትምህርት ቤት ስሆን ክሩ እንዳይበጠስ ዱዓ አደርጋለሁ።"

ኅዳጉ ላይ ጥያቄ ለመጻፍ እስክሪብቶ አነሳች፤ የምትጠይቀው አጣች። "አንብቤዋለሁ" ብላ ብቻ ጽፋ በነጋታው መለሰችላት። ከመመለሷ በፊት ግን አስተማሪዎች ክፍል ገብታ ፎቶ ኮፒ አደረገችው። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልነገረችም። እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ገብቶ ዝም ብሎ አይሸኝም።

የክፍለ ከተማው ሱፐርቫይዘር አቶ ሀብተሥላሴ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ክፍሏ ገብቶ ኋላ ተቀመጠ፤ ልጆቹ ሲያወሩ፣ ሲጽፉ፣ እያነበቡ ነጥብ ሲያስቀምጡ እስከ መጨረሻው አየ። ሲወጡ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

"የሻረግ፣ ይህ እዚህ ታፍኖ መቅረት የለበትም። ጽፈሽ ስጪኝ። ከነምሳሌው። ለሁሉም ትምህርት ቤት እንዲዳረስ አደርጋለሁ።"

ከዚያ ቀን በፊት ከትምህርት ቢሮ የመጣ ሰው "አበጀሽ" ብሏት አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጣ ጻፈች። ምሳሌ ስትመርጥ ብዙ ወረቀት አገላበጠች፤ የሱፍያን እህት አለች፣ ሌሎችም አሉ። ግን ሁሌም እጇ ወደዚያ ፎቶ ኮፒ ይመለሳል። ከሁሉ የምትኮራበት እሱ ነው። ስሙ ከውስጡ ከተሰረዘ፣ አለች በልቧ፣ ለማንም እንደማንበብ አይቆጠርም።

ፎቶ ኮፒውን እንዳለ አያይዛ ስታስረክበውም "አቶ ሀብተሥላሴ፣ ከዚህኛው ላይ ስሙን አደራ ያውጡልኝ። ለልጅቷ ቃል ገብቼላታለሁ" አለችው።

"በኔ ይሁንብሽ" አላት።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ስትደውል "በሂደት ላይ ነው" ይላታል፤ ቆይቶም ስልክ ማንሳቱን ተወው።

በቀጣዩ ዓመት ለአማርኛ መምህራን ሥልጠና ተጠሩ። ሰንጋ ተራ ከሚገኝ ሕንፃ ላይ ባለ አዳራሽ ውስጥ ውሃና ብስኩት ተደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ባለቀለም ሽፋን ማንዋል ታደለ። "የድርሰት ክህሎት ማበልጸጊያ" ይላል። ሥሩ "አዘጋጅ፦ ሀብተሥላሴ" እና የአባቱ ስም አለ። የሻረግ ገለጠችው። የራሷን ልብስ የለበሰ እንግዳ ሰው ያየች ያህል ሆነባት። "ተማሪዎች ከመጻፋቸው በፊት ለጎናቸው ልጅ ያውሩ" ያለችው "የቅድመ ጽሕፈት የጥንድ ውይይት ስልት" ሆኗል። ኅዳግ ላይ የሚጻፉት ጥያቄዎች ወጥተው በቦታቸው ሠንጠረዥ ገብቷል፤ መግቢያ ሁለት ነጥብ፣ ሐተታ አምስት፣ ትምህርታዊ መልእክት ሦስት።

አሠልጣኙ ቃለሕይወት የሚባል፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ትሑት ወጣት ነው። ማንዋሉን የጻፈው እሱ አይደለም፤ ስላይዱን ተሰጥቶት ነው የመጣው። "እስቲ አንድ የናሙና ድርሰት እንይ" አለና ከፕሮጀክተሩ ላይ አነበበ፦

"በልደታ ክፍለ ከተማ ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ሙስጠፋ የሚባሉ ዓይናቸውን የታመሙ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ታታሪዋ ልጃቸው መርፌ ላይ ክር በማስገባት ታግዛቸው ነበር። በመጨረሻም አቶ ሙስጠፋ ወደ ጤና ተቋም ሄደው በመታከማቸው ሙሉ በሙሉ ዳኑ። ስለዚህ ወላጆቻችንን መርዳት ይገባናል።"

አዳራሹ ውስጥ የተወሰነ ሰው አጨበጨበ። የሻረግ ተነሳች።

"ይሄ... ይሄ እንዲህ አይደለም" አለች።

"አስተያየት መጨረሻ ላይ እንቀበላለን፣ እትዬ" አላት ቃለሕይወት በአክብሮት።

ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት ታደለ እንጂ አስተያየት አልተጠየቀም።

በዚያው ሳምንት የሀብተሥላሴን ቢሮ አንኳኳች። ወንበር ሳበላት፣ ሻይ አዘዘላት።

"ስሙን ያውጡልኝ ብዬዎት አልነበረም?"

"አውጥተናል እኮ።"

"ያወጣችሁት የልጅቷን ነው። አባቷ እንዳለ ነው ያለው። ከነሰፈሩ።"

ሀብተሥላሴ መነጽሩን አድርጎ ገጹን አየና እውነትም ደነገጠ። "የገጸ ባሕርይ ስም መስሎን ነዋ" አለ።

"ዳኑ የሚለውን ማን ጨመረው? ሰውዬው አልዳኑም።"

"እሱ በኮሚቴ ታይቶ ነው። መፍትሔ የሌለው ድርሰት ለልጆች አይሆንም፤ ተስፋ ያስፈልጋቸዋል።" ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠ። "አንቺንም አልረሳንሽም። ምስጋናው ላይ አለሽ፣ ይኸው።" ጣቱ ከብዙ ስም መካከል "ወ/ሮ የሻለም" የሚለው ላይ ቆመ።

"ይሰብሰብልኝ፣ አቶ ሀብተሥላሴ። በእግዚአብሔር።"

"ተሰራጭቷል፣ እህቴ። አሁን ምን ይደረጋል? ሥራው እንደሆን የጋራችን ነው።"

ሻዩን ሳትቀምሰው ወጣች። በቀጥታ ወደ ሚስራ ሄዳ አስቀድማ ልትነግራት ይገባ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለች፤ በነጋታውም ነገ አለች።

ሚስራ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነች፤ አማርኛ የሚያስተምራቸው ሞቱማ የሚባል ደግ አስተማሪ ነው። ሞቱማ ምንም አያውቅም። ማንዋሉን ተቀብሎ ናሙናውን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። "ሙስጠፋ"፣ "ጠመንጃ ያዥ"፣ "ልብስ ሰፊ" ሲል ስድሳው ልጅ ዞሮ ሚስራን አየ። እሷ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች። ሞቱማ ሁኔታዋን አይቶ ምን ሆነሽ ቢላት፣ "እንዲህ አይደለም፣ ቲቸር፤ አልዳነም" ብቻ አለች። በእረፍት ሰዓት የሻረግ አጥሩ ጋ አገኘቻት።

"ሚስራ፣ እኔ ስሙን አውጡልኝ ብዬ ነበር..."

"ለማንም ብለሽኝ ነበር" አለች ልጅቷ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ይህን ብላ ሄደች።

የሻረግ ቅዳሜ ከሰዓት ጠመንጃ ያዥ ወረደች። ሸምሲያ ደጃፉ ላይ ነበረች፤ አይታት ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ መለሰች። ሙስጠፋ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል። ጨርቅ ግን መኪናው ላይ አልነበረም።

"ጋሽ ሙስጠፋ፣ የሚስራ አስተማሪ ነኝ።"

"በድምፅሽ ለየሁሽ፣ ወላጆች ሲሰበሰቡ ሰምቼሻለሁ። ግቢ፣ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ጥፋቷን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ሳያቋርጣት ሰማ።

"ልጆች በዚህ ሲያልፉ 'አባባ፣ ዳኑ ወይ?' ይሉኛል" አለ ስትጨርስ። "እኔ የሰፈር ልጅ ቀልድ መስሎኝ 'አልሃምዱሊላህ፣ ድኛለሁ' እላቸው ነበር። ኋላ አንድ የቆየ ደንበኛዬ የሱፍ ጨርቅ ይዞ መጣ። ልጁ ትምህርት ቤት የሰማውን ነግሮታል መሰለኝ፤ ሳይለካ ጨርቁን አጥፎ ወጣ። ያኔ ገባኝ።"

"ሐኪም ቤት ሄደው ነበር?"

"የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቃለን አሉ።" እጁን በመኪናው ላይ አሳለፈ። "እሷ የጻፈችውን ታውቂዋለሽ? መጽሐፉ ላይ ያለውን ሳይሆን የእሷን።"

የሻረግ በቃሏ ታውቀዋለች። ቀስ ብላ አለችለት። "መንገዱ ላይ ምንም የለም" የሚለው ጋ ስትደርስ የሙስጠፋ እግር ፔዳሉ ላይ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

"ወደ መንገድ የማየው ለምን እንደሆነ ታውቃለች ማለት ነው" አለ።

"ታውቃለች።"

"እኔ እኮ 'ዓይኔን ላሳርፍ ነው' እላት ነበር። አምናኝ የተቀበለችው መስሎኝ ነበር። ከደንበኛውም ይልቅ የምደብቀው ከእሷ ነበር፣ ወላሂ።"

ውጭ ሸምሲያ ከአንዲት ሴት ጋር በሚዛን ትከራከራለች።

"ጥሩ ነው የምትጽፈው?" አለ በመጨረሻ።

"በጣም። እንደ እሷ የሚጽፍ ልጅ አላስተማርኩም።"

"እንግዲያው ንገሪያት፣ ከእንግዲህ ስለ ሌላ ሰው ትጻፍ።"

የሻረግ ይህንን መልእክት አላደረሰችም። ለማድረስም አፍ አልነበራትም።

ሙስጠፋ ሱቁን ከረመዳን በኋላ ለቀቀ። አሁን እዚያ የሞባይል ቀፎና ቻርጀር ይሸጥበታል። ስፌት መኪናው ቤት ገብቷል፤ ሸምሲያ በቀዳዳ ብርድ ልብስና በትራስ ልብስ ትሞክረዋለች ይባላል። የሻረግ ያንኑ ክፍል ታስተምራለች። ማንዋሉን ሳትጠቀም ብትገኝ ትጠየቃለችና ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፋለች። አልፎ አልፎ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ልጅ አስነስታ መጠየቋን አልተወችም፤ ልጆቹም ይጽፋሉ። ወረቀታቸውን ግን አትሰበስብም። "ይዛችሁ ግቡ" ትላቸዋለች። ዳይሬክተሩ የተማሪ ሥራ በማስረጃ አላቀረብሽም ብሎ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቋታል። ሀብተሥላሴ ባለፈው በአንድ ስብሰባ ላይ አይቷት ሞቅ አድርጎ ሰላም ብሏታል፤ ሁለተኛ እትም እየተዘጋጀ ነው፣ አዳዲስ ናሙናዎች ካሉሽ ላኪልን አላት።

ትምህርት ሊዘጋ ሰሞን ሚስራን በሩ ጋ ከጓደኞቿ ጋር አገኘቻት። ልጅቷ ረዝማለች። በሥርዓት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት፤ ጓደኞቿ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ።

"ትጽፊያለሽ አሁን?"

"አዎ፣ ቲቸር። ቲቸር ሞቱማ ሲያዘን።"

"ስለ ምን?"

ሚስራ ትከሻዋን ሰበቀች።

"የሚፈለገውን" አለችና፣ ጓደኞቿ እየጠበቋት ስለነበር ሄደች።